ለትምህርት ቦርድ ልወዳደር ወይ? ለአንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆቼ የሕዝብ ትምህርት ቤት ይማራሉ። እኔም እዚያው ካውንቲ የትምህርት ቤት ካፊቴሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ትንሹ ልጄ እዚሁ የተወለደ ነው፤ አማርኛውን እንኳ በቅጡ አይናገርም። ስናስመዘግበው ግን ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው ብዬ በመጻፌ ፈትነውት የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል አስገቡት። ለማስረዳት ሦስት ቢሮ ዞርኩ፤ የሚሰማኝ አጣሁ። ሲቲዝን ከሆንኩ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ሀገር ቤት የወላጅ መምህር ህብረት ሰብሳቢ ነበሩ፤ ነገሩ ከዘር ሳይሆን አይቀርም፣ ለትምህርት ቦርድ ልወዳደር አስቤያለሁ። ባለቤቴ አብደሻል ይለኛል። የማኅበር ጓደኞቼ ሐበሻው ሁሉ ይመርጥሻል ይሉኛል። እንግሊዝኛዬ ዘዬ አለው። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ

እህቴ፣ አላበድሽም። ጓደኞችሽ ግን ሒሳብ አልሠሩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት አስተዳደር፣ እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደሩ ሰዎችን ሳማክር ዓመታት አልፈዋል። ለሁለቱ ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ። አንዷ አሸነፈች፣ አንዱ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ከወደቀው የተማርኩት ስለሚበልጥ ወደ ማስጠንቀቁ ካደላሁ ይቅር በይኝ።

በቅድሚያ የልጅሽን ነገር ከምርጫው እንለየው። ልጅ ሲመዘገብ ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ይነገራል ከተባለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይሰጠዋል። ይሄ የቦርዱ ፈጠራ አይደለም፤ ከፌዴራልና ከስቴት ሕግ የመጣ ነው። «አማርኛ» ብለሽ መጻፍሽ ያስፈተነው ነው እንጂ ክፍሉ ያስገባው የፈተናው ውጤት ነው። ውጤቱን ጠይቂና በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብ፣ በመጻፍ ለየብቻው እዪው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ሲያወሩ የሚያቆማቸው የለም፤ የሚይዛቸው ብዙ ጊዜ ማንበብና መጻፉ ላይ ነው። ካየሽው በኋላም ድጋፉ አያስፈልገውም ካልሽ፣ በጽሑፍ አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው። ዓመታዊው የቋንቋ ፈተና ግን እስኪያልፍ ድረስ አይቀርለትም። አስተርጓሚ ከፈለግሽም ጠይቂ። አማርኛ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። (ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል። ቢሆንም አለ።)

ለዚህ ሁሉ አንድ ኢሜይል ይበቃል፤ ምርጫ መወዳደር አያስፈልግም። ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የአንድ ልጅን ቅሬታ ይዞ የመጣ እጩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። መራጩ የሚያዝንለት ይመስላል፣ ድምፁን ግን ለሌላ ይሰጣል። ያ የወደቀው እጩዬ እንዲህ ነበር። የተጠየቀው ስለ አውቶቡስ ይሁን ስለ በጀት፣ ዞሮ ዞሮ ልጁ ጋ ይደርሳል። እኔም ስብሰባው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አያለሁ።

አሁን ወደ አንቺ። መወዳደር ትችያለሽ ወይ? ትችያለሽ። ዜግነት በትውልድ አገኘሽው በመሐላ፣ ለዚህ ወንበር ለውጥ የለውም። የካውንቲው ነዋሪና የተመዘገብሽ መራጭ መሆን ነው የሚጠበቅብሽ። አዲስ ዜጋ ማን ይመርጣል እንዳትዪ፤ ከጋምቤላ ተሰዶ ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የኖረው ኦባላ ኦባላ፣ በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ዜግነት አግኝቶ በዓመቱ፣ በኅዳር 2020፣ የኦስቲን ሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት ተመርጧል። ግን ኦስቲን ትንሽ ከተማ ናት። አንቺ የምትወዳደሪው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት ካውንቲ ነው። ሌላ ጨዋታ ነው።

ከዜግነቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ሥራሽ ነው። የሜሪላንድ ሕግ በቦርዱ ሥልጣን ሥር ያለ ሰው የቦርድ አባል ሆኖ ማገልገል አይችልም ይላል። ካፊቴሪያ የምትሠሪው የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ተቀጣሪ ሆነሽ ነው፤ አለቃሽ በመጨረሻ ቦርዱ ነው። ስለዚህ መወዳደር አይከለከልሽም፤ ካሸነፍሽ ግን ወይ ሥራው ወይ ወንበሩ። በ2024 ካሸነፉት አንዷ እዚሁ ካውንቲ አስተማሪ ነበሩ፤ ማስተማሩን ትተው ነው የገቡት። ለቦርድ አባል የሚከፈለው ገንዘብ አለ፣ ግን በዚህ አካባቢ የቤት ኪራይ ችሎ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ሰው አላየሁም። ሥራው ግን ሙሉ ቀን ነው። ስብሰባው አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ማታ ይሄዳል፤ የሚነበበው ወረቀት ደግሞ በኪሎ ነው።

እስክታሸንፊም ድረስ ጥንቃቄ አለ። በሥራ ሰዓት ቅስቀሳ የለም። በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ቅስቀሳ የለም። ልጆቹን ምሳ ስታስተናግጂ «ለእናትህ ስጣት» ብሎ በራሪ ወረቀት ማስያዝ የለም። የምትስቂ ይመስለኛል፤ ሲደረግ አይቻለሁ።

ቦርዱ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም የአባትሽን ህብረት በአእምሮሽ ይዘሽ የመጣሽ መሰለኝ። ሀገር ቤት የወላጅ መምህር ህብረት ሰብሳቢ ማለት ርዕሰ መምህሩን በስሙ የሚጠራ፣ አጥር ሲፈርስ እንጨት የሚያስመጣ፣ የሚያረፍድ አስተማሪ ካለ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚገሥጽ ሰው ነው። አንድ ግቢ ነው የሚያየው። ለሱ የሚቀርበው እዚህ ፒቲኤ የሚባለው ነው እንጂ ቦርዱ አይደለም። የቦርድ አባል ሆነሽ ለአንድ ርዕሰ መምህር ደውለሽ «ይህን ልጅ ክፍል ቀይሩለት» ብትዪ፣ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ብቻሽን ምንም ሥልጣን የለሽም። ያለሽ ከስምንት ድምፅ አንዱ ነው፤ እሱም በይፋ ስብሰባ ላይ፣ ካሜራ እያየሽ።

ከስምንቱ ሰባቱን የሚመርጠው ሕዝብ ነው፤ ለአራት አራት ዓመት። አምስቱ ከአምስት ዲስትሪክት (የምርጫ ቀጠና) ይመጣሉ፣ ሁለቱ ከየትም መምጣት ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። የዲስትሪክት ወንበር ለመያዝ እዚያ መኖር አለብሽ፣ የሚመርጥሽ ግን መላው ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻ ሳይሆን ጀርመንታውንም፣ ፖቶማክም፣ እርሻ ያለበት ፑልስቪልም። ስምንተኛው አባል ተማሪ ነው። እሱን የሚመርጡት የሚድልና የሃይስኩል ተማሪዎች ናቸው፤ በበጀትም ድምፅ አለው። እንግዲህ ግሪን ካርድ ያለው አባት መምረጥ አይችልም፤ ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጁ ግን በየሚያዝያው አንድ የቦርድ አባል ትመርጣለች። በየማኅበሩ ይህን ስናገር የማያምነኝ ሰው አይጠፋም።

ቦርዱ ሱፐርኢንተንደንት፣ ማለትም የካውንቲውን ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚመራ ኃላፊ፣ ይቀጥራል፤ የአሁኑ ቶማስ ቴይለር በሐምሌ 2024 ነው ሥራ የጀመሩት። ፖሊሲ ያወጣል። የትኛው ሰፈር የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ ድንበር ያሰምራል። ጌተርስበርግ ላይ ክራውን የሚባል አዲስ ሃይስኩል ሲሠራ፣ ሮክቪል ላይ ደግሞ የድሮው ውድዋርድ እንደገና እንዲከፈት ሲወሰን፣ የስንት ሰፈር ድንበር እንደተነካካ ጎረቤቶችሽን ጠይቂ። ሰው ለቤቱ ዋጋ የከፈለው ለትምህርት ቤቱ ብሎ ነው፤ ድንበር ሲነካ እንደ ርስት ክርክር ይሆናል። የኛ ሰው ይህን ስሜት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ትልቁ ሥራ ግን በጀት ነው። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ወደ 160 ሺህ ለሚጠጉ ተማሪዎች። ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። በጥር ሕዝብ ያዳምጣል፣ በየካቲት በጀቱን ያጸድቅና ለካውንቲው ምክር ቤት ይልካል። ምክር ቤቱ በግንቦት ይቆርጠዋል ወይ ይሰጠዋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ዓመት ይገባል። (ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው።) ከካውንቲው ወጪ ግማሽ ገደማው ትምህርት ነው። ስለዚህ «ለትምህርት ጨምሩ» የሚል እጩ ሁሉ አንድ ቀን «ከየት ቀንሰን?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። መልስ ከሌለሽ ያን ቀን ያልቃል።

ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ካውንቲው ውስጥ የተመዘገበው መራጭ ከ650 ሺህ ይበልጣል። በኅዳሩ ምርጫ ለማሸነፍ የሚያስፈልግሽ ድምፅ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። አሁን «ሐበሻው ሁሉ» የተባለውን እንቁጠረው። ከሱ ላይ ልጆቹን ቀንሺ። ግሪን ካርድ ላይ ያለውን ቀንሺ። ጥገኝነት የጠየቀውን፣ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ያለውን ቀንሺ። ቨርጂኒያና ዲሲ የሚኖረውን ቀንሺ፤ ማኅበራችሁ ውስጥ ያለው ግማሹ ሰው ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ ነው። ሲቲዝን ሆኖ ያልተመዘገበውን ቀንሺ። ተመዝግቦ ፕሬዚዳንት ብቻ መርጦ የሚወጣውን ቀንሺ። የትምህርት ቦርድ ባሎቱ (የድምፅ መስጫ ወረቀቱ) ላይ ወደ ታች ነው የሚገኘው፤ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ወረቀቱን ያስገባል። የቀረው ሰው ያኮራል፣ ግን ብቻውን አያሻግርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆጣ ብዬ ልበልሽ። ታኮማ ፓርክ ከተማ ውስጥ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማው ምርጫ ይመርጣል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲሁ ነው። የኛ ሰው እዚያ ብዙ ስለሆነ «መምረጥ ይቻላል» የሚል ወሬ ይዞራል። ያ ለከንቲባና ለከተማ ምክር ቤት ብቻ ነው። የትምህርት ቦርድ የካውንቲው ባሎት ላይ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው እሱን ከነካ ወንጀል ነው፣ ከሀገር እስከ መባረር ያደርሳል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመሽ «ሁላችሁም ተመዝገቡ» እንዳትዪ። «ሲቲዝን የሆናችሁ» በዪ። ሁልጊዜ። አንዲት ቃል ረስተሽ የሰው ትዳርና ልጅ እንዳታፈርሺ።

ታዲያ የኛ ሰው ድምፅ ዋጋ የለውም? አለው፣ በመጀመሪያው ዙር። ለአንድ ወንበር ከሁለት ሰው በላይ ከተመዘገበ ፕራይመሪ ይደረጋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ወደ ኅዳር ያልፋሉ። ፕራይመሪ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። ጥቂት ሺህ ድምፅ ሁለተኛን ከሦስተኛ ይለያል። የማታውቂው ነገር ልንገርሽ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በፕራይመሪ ዲሞክራት ወይ ሪፐብሊካን ያልሆነ ሰው የፓርቲ እጩዎችን መምረጥ አይችልም፤ የትምህርት ቦርድ ግን ፓርቲ ስለሌለው እሱን መምረጥ ይችላል። የኛ ሰው ሲመዘገብ «ከፖለቲካ ይሰውረኝ» ብሎ ፓርቲ ሳይመርጥ የሚያልፍ ብዙ ነው። ከዚያ ፕራይመሪ አይመለከተኝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እነዚህን ሰዎች አግኝተሽ «የናንተም ባሎት አለ» ካልሽ፣ ማንም ያላንኳኳውን በር አንኳኳሽ።

በሥልጣን ላይ ያለን ሰው መርታት አይቻልም የሚል ካለም አትስሚው። በ2024 ሦስት ነባር አባላት ለመመለስ ተወዳድረው ሦስቱም ወደቁ። ሁለቱ ገና በግንቦቱ ፕራይመሪ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሱፐርኢንተንደንቷ ከሥራ ለቀው ነበር፤ ወላጁ ተቆጥቶ ነበር። ቁጣ ሲኖር በር ይከፈታል። ቁጣ ግን በቀጠሮ አይመጣም።

ስለ ገንዘብ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የኛ እጩዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምርጫ ኮሚቴ ትመዘግቢያለሽ፤ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ይኖረዋል። ገንዘብ ያዥዋ አንቺ መሆን አትችዪም። የባንክ ሒሳቡ ለብቻው ነው፤ ከቤታችሁ ጋር አይነካካም። አንድ ሰው በአራቱ ዓመት ውስጥ ለአንድ እጩ ከ6,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከ100 ዶላር አይበልጥም። እያንዳንዱ ሳንቲም የሰጪው ስም ይኖረዋል። በራሪ ወረቀትሽ ላይ በማን ሥልጣን እንደታተመ የገንዘብ ያዥሽ ስም መጻፍ አለበት፤ ቲሸርት ጓደኛ በነጻ ቢያሳትምልሽም እንደ ስጦታ ይቆጠራል።

አሁን አንድ ማታ የሆነውን ላጫውትሽ። እጩዬን አንድ ዝክር ላይ ጋበዙት። ተናገረ፣ ሰው ደስ አለው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ልጃችንን ባዶ እጁን አንሸኝም» ብለው ባርኔጣቸውን አዞሩ። ሃያ፣ አምሳ፣ መቶ ተጨናንቆ ገባ። እልልታ ሆነ። ባርኔጣውን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። ስቆጥረው ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ስም የለ፣ ዝርዝር የለ። ማን ምን እንደሰጠ ብጠይቅ «አንተ ደግሞ፣ ለእግዚአብሔር የሰጠ ስሙን ይጽፋል?» ተባልኩ። ከዚያ ገንዘብ አንዲት ዶላር እንኳ ልንነካ አልቻልንም። ሰዎቹም ተቀየሙን፤ ናቃችሁን አሉ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስቀድሜ ቅጽ አዘጋጅቼ በር ላይ መቆም ነበረብኝ። አንቺ ስትሄጂ ስም፣ አድራሻና መጠን የሚጻፍበት ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ስልካቸው ላይ በካርድ የሚከፍሉበት አድራሻ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ባርኔጣ ሲነሣ ካየሽ ሮጠሽ ያዢው።

ገንዘብ መስጠት የሚችለው ደግሞ ሲቲዝን ወይ ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው። ሌላው ሰው፣ ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለውም፣ አይችልም። አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ መቶ ዶላር ቢልክልሽ ችግር ነው። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፣ ለትንሹ ምርጫም ይሠራል። ያለ ክፍያ በጉልበት መርዳት ግን ለማንም አልተከለከለም፤ ስልክ መደወል፣ ፖስታ ማሸግ፣ ቡና ማፍላት። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ደግሞ ከግብር ነጻ የሆነ ድርጅት ስለሆነ ገንዘብም አይሰጥ፣ ካህኑም «እሷን ምረጡ» ብሎ ማዘዝ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል። አዳራሹን ለሁሉም እጩ እኩል መክፈት ይችላል። ተፎካካሪሽንም ይጥሩ። አትፍሪ፤ እሱ እንጀራ ሲበላ ፎቶ ይነሣል፣ አንቺ ቤትሽ ነሽ።

ከዚህ ሌላ ስለ ፖም ማወቅ አለብሽ። የካውንቲው የአስተማሪዎች ማኅበር የሚደግፋቸውን እጩዎች ስም በፖም ቅርጽ በተቆረጠ ካርድ ያትማል። በምርጫ ቀን አስተማሪዎች በየጣቢያው ደጅ ቆመው ያድላሉ። የትምህርት ቦርድ እጩዎችን የማያውቅ መራጭ፣ ማለትም አብዛኛው፣ ፖሟን እያየ ይመርጣል። ድጋፉ የሚገኘው ረጅም መጠይቅ ሞልቶ ቃለ መጠይቅ አልፎ ነው። ላንቺ ደግሞ ሌላም በር አለሽ። የካፊቴሪያ ሠራተኞች፣ የአውቶቡስ ሹፌሮች፣ የክፍል ረዳቶች የታቀፉበት ኤስኢአይዩ ሎካል 500 የሚባለው ማኅበር አለ፤ እሱም እጩ ይደግፋል። አንቺ በዚያ ማኅበር ሥር ያለሽ ሠራተኛ ነሽ። ሌላው እጩ ደጅ የሚጠናበትን ቤት ከውስጥ ታውቂዋለሽ።

እና ዘዬሽ። ስለሱ ብዙ አልልም። አንድ ቀን ኦልኒ አካባቢ ከማማክራት አንዲት እጩ ጋር በር እያንኳኳን አንዲት አረጋዊት ፈረንጅ ከፈቱልን። ውሻው ይጮኻል፣ እጃቸው ላይ የአትክልት ጓንት አለ። እጩዋ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሴትዮዋ «ከየት ነሽ?» አሏት። ከኢትዮጵያ አለች፤ ፊቷ ቀላ። ሴትዮዋ ጓንታቸውን አወለቁና «የልጅ ልጄ ዊልቸር ላይ ናት። አውቶቡሱ በሳምንት ሁለቴ አርፍዶ ይመጣል። ይህን ምን ታደርጊበታለሽ?» አሉ። ዘዬውን ረስተውት ነበር። እጩዋ ግን ስለ ልዩ ፍላጎት አውቶቡሶች አንድ ነገር አላጠናችም። ያን ቀን ያሳፈራት እንግሊዝኛው አልነበረም።

ዘዬ ሳይሆን ሁለት አንደበት ነው የሚጥለው። ይህን ጠበቅ አድርገሽ ያዢልኝ። ትምህርት ቤቶቹ በ2023 በንባብ ትምህርት ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ ካለባቸው የተረት መጻሕፍት ወላጅ ልጁን ማስወጣት አይችልም ብለው ነበር። ያኔ ሮክቪል በቦርዱ ደጅ በመቶዎች ከቆሙት ወላጆች አብዛኞቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሰኔ 2025 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለወላጆቹ ፈረደ። ማንም ሐበሻ እጩ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በእንግሊዝኛ አንዱ ይጠይቅሻል፣ ለልጁ የሚሰጋ ወላጅ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ሌላው ይጠይቅሻል፣ እሱም ለልጁ የሚሰጋ ነው። የምታምኚው ምንም ይሁን፣ መልሱ አንድ ይሁን። በአማርኛ ያልሽውን አንዱ ቀርጾ በማግስቱ ይተረጉመዋል፤ ቤት ውስጥ ያወራሁ መሰለኝ ማለት አያድንም። ሀገር ቤት ስላለው ፖለቲካም እንዲሁ። «አንቺ የየትኛው ወገን ነሽ?» ይሉሻል። በማንም ሰልፍ ላይ፣ የማንንም ባንዲራ ይዘሽ በእጩነት ፎቶ አትነሺ። ሁሉም ይቀየሙሽ ይሆናል፤ ይቀየሙሽ።

ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው፣ የኔ መልስ፦ ግቢ፣ ግን በሚመጣው ዙር አይደለም። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በምርጫው ዓመት በፈረንጆቹ የካቲት ነው የሚዘጋው። ከዚያ በፊት ሰው ስምሽን ሌላ ቦታ ሰምቶት መሆን አለበት። እዚህ ካውንቲ ብዙዎቹ የቦርድ አባላት የመጡት በፒቲኤ በኩል ነው። ከየትምህርት ቤቱ ፒቲኤ ተነሥተው የካውንቲው የፒቲኤዎች ምክር ቤት ውስጥ ሠርተው። በልጅሽ ትምህርት ቤት ጀምሪ። ዘንድሮ ጸሐፊ ሁኚ፤ ማንም የማይፈልገው ቦታ ስለሆነ ይሰጡሻል። ከዚያ በጥር የበጀት ስብሰባ ላይ ለመናገር ተመዝገቢ።

የሚሰጥሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። እዚያ ላይ ስለ ልጅሽ አትናገሪ። ስለ ትሪው ተናገሪ። በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ልጅ በፊትሽ ያልፋል። ማን ሙሉ ትሪ ይዞ እንደሚያልፍ፣ ማን ወተት ብቻ እንደሚያነሣ፣ በረመዳንና በሁዳዴ ጾም የትኛው ልጅ የሚበላው አጥቶ ባዶ እጁን እንደሚቀመጥ፣ ሰልፉ ረዝሞ ምሳውን ሳይጨርስ ደወል የሚደወልበት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከቦርድ አባላት መካከል ይህን ከምግብ ማደያው ወዲህ ቆሞ ያየ እኔ አላውቅም። ያንቺ ሥራ እንቅፋትሽ ነው ብዬሻለሁ። ከዚህ የተሻለ መነሻ ግን የለሽም።

ባለቤትሽን አትኮንኚው። ምናልባት የፈራው ያንን ወንበር ሳይሆን የወሩን ቼክ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ በሉና ያንቺ ደሞዝ ቢቆም ኪራዩ፣ የመኪናው፣ ለእናትሽ የምትልኪው ከየት እንደሚወጣ በወረቀት ጻፉት። ያ ወረቀት ካልሞላ ሌላውን ሁሉ እናቆየዋለን። ከሞላ፣ ገንዘብ ያዥ ትፈልጊያለሽ፤ እኔ ባርኔጣ መያዝ ተምሬያለሁ።